የሰጎኗ እግር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ በልጅነቷ ከመሣሪያ ሳጥኔ የብሎን ዳዶ እየለቀመች ትራሷ ሥር ታከማች ለነበረችው ለጉንዳኗ፤

ሰላምታዬ ከደጅ እስከ ጓዳ ይግባልሽ። ብርዱ ይራራልሽ፣ አለቃሽ ይፍራሽ፣ ጫማሽ ውሃ አያስገባ። እኛ ደህና ነን። እኔ ደህና ነኝ፣ እናትሽ ደህና ናት፤ ከዚህ ቤት ደህና ያልሆነችው ሰጎኗ ብቻ ናት።

በስልክ ለምን አትነግረኝም እንዳትዪ። ስልኩ ያለው እናትሽ አልጋ ራስጌ ነው፣ የእሷ ጆሮ ደግሞ እያደር እየሰላ ሄዷል። ስለ ሰጎኗ ሳወራ "አሁንም ስለዚያች ብረት ነው?" ትለኛለች፤ ስለ እሷ ሳወራ ስልኩን ትነጥቀኛለች። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ሲጽፉበት መሀል ገብቶ አያቋርጥም።

ሰጎኗን መቼም አልረሳሻትም። ያቺው ነጯ ፒካፕ ናት። ወንዙ ድልድይ ሳይኖረው፣ ውሃ ሲሞላ ሌላው መኪና ዳር ቆሞ ሲተክዝ፣ እኔ ብቻዬን እንድሻገር ብዬ በገዛ እጄ ስምንት ጣት ከፍ ያደረግኋት። ከኋላ ጭነቱን በሚሸከመው ባሌስትራና ጎማዎቹን በሚይዘው አክስል መሀል ከአሮጌ ወፍጮ እግር የተቆረጠ ጉማጅ ብረት አስገባሁ፤ ከፊት የባሌስትራ ቅጠል ጨመርኩ፣ ማንጠልጠያውንም አስረዘምኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም። አንዱን መኪና ፈትቼ ስገጥም ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ እነሱ የት እንደነበሩ ሳስብ ሳስብ ነው መካኒክ የሆንኩት። ሰዉ ከፍታዋን አይቶ "ይህቺስ ሰጎን ናት" አለ፣ ስሟ ሆኖ ቀረ። ድልድዩ ከተሠራ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እሷ ግን አሁንም ከሁሉ በላይ ቆማ ነው የምትሄደው።

ችግሩ እግሯ አልቋል። አራቱም አሞርዛተር ዘይቱን ተፍቶ ጨርሷል። አሞርዛተር ማለት ባሌስትራው ሲዘል "በቃህ" የሚለው ነው። አሁን በቃህ ባይ ስለጠፋ፣ አንዷ ጉድጓድ ላይ የጀመረችውን ዝላይ የምትጨርሰው ሦስተኛው ሱቅ ጋ ስደርስ ነው። ባሌስትራው ጫፍ ላይ ያሉት ጎሚኒ የምንላቸው ትንንሽ ጎማዎችም ተበልተው አልቀዋል፤ ብረት ከብረት ጋር ይጨቃጨቃል። ባለፈው ሲሚንቶ ጭኜ ስመጣ ጎረቤታችን በያጁ ከሩቅ ሰምቶ "ሰጎኗን ምጥ ይዟታል መሰለኝ" አለኝ።

እዚህ አዲሱን መግዛት አይታሰብም። ዋጋውን ሲነግረኝ ሻጩን "ከነመኪናው ነው?" አልኩት፤ አልሳቀም። አንቺ ግን የምትሠሪው ያገለገለ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ጉንዳን ደግሞ ባዶ አፏን አትመለስም። አራት አሞርዛተርና ስምንት ጎሚኒ፣ አሮጌም ቢሆኑ ነፍስ ያላቸው፣ ብትፈልጊልኝ።

እናትሽን እንዳልረሳት፣ ደህና ናት። ከቤት መውጣት ትንሽ ቀንሳለች። ዝላዩ አልተስማማትም።

አጎትሽ


ጥቅምት 24

ለጋሼ፤

ጤናዎ ይጽና፤ ወገብዎም መኪና ሥር የገባበትን መንገድ ሲወጣ አይርሳው። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ። "ስለ ባሌስትራ ነው" ብላት አላመነችኝም።

ስለ ዕቃው አያስቡ፣ ይገኛል። እዚህ ሥራዬ ከተፈቱ መኪኖች የመጣውን ማጠብ፣ መፈተሽና ቁጥር መለጠፍ ነው። አሞርዛተር ሲመጣ እጎትተዋለሁ፣ እጫነዋለሁ። በሁለቱም በኩል እኩል ከታገለኝ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ዝም ብሎ ከገባልኝ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይሄዳል። መደርደሪያ ላይ ዓመት ቆይቶ ገዢ ያጣውን ሠራተኛ በኪሎ እንዲወስድ ይፈቀድለታል። አዲስ ልግዛ ብል ኪራዬን መብላት ነው፤ በኪሎ ግን እችላለሁ።

ልኬት ይላኩልኝ። ከላይኛው ቀዳዳ እስከ ታችኛው፣ አንዴ ሰጎኗ በጎማዋ ቆማ፣ አንዴ ደግሞ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ተንጠልጥሎ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ጎባጣ ብሎኖች ርዝመትም ይጨምሩልኝ። እባክዎ "ክንድ ከምናምን" ብለው እንዳይጽፉልኝ።

አሁን ወደ ሌላው ልለፍ። እማዬን ስደውልላት "ደህና ነኝ" ትለኛለች፤ እርስዎም "ደህና ናት" ይሉኛል። ሁለታችሁ በአንድ ነገር ስትስማሙ ስለማላውቅ ፈራሁ። ሐኪም ቤት ደወልኩ። የጉልበቷ ሐኪም እማዬ ከቀረች ሁለት ወር እንዳለፋት ነገረችኝ። በሳምንት ሁለቴ መንቀሳቀስ የነበረበት ጉልበት ነው። "እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልመጣች እንደታጠፈ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ምንም ላደርግላት አልችልም" አለችኝ።

ታክሲ ያንን ድንጋያማ መንገድ እንደማይገባ አውቃለሁ። ያላችሁ ሰጎኗ ብቻ ናት። እማዬ ሰጎኗ ላይ የማትወጣው ለምንድን ነው ጋሼ? ዝላዩ ብቻ ነው?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 12

ለተቆጣጣሪዬ፣ ለጉንዳኗ፤

እጅሽ ከብረት ተርፎ ወርቅ ይንካ፤ ሐኪም ቤት የደወልሽበትን ሒሳብም ፈጣሪ ይክፈልልሽ። እኔን መጠየቅ ስትችዪ ሰላይ ማሰማራትሽን ግን ልብ ብያለሁ።

ልኬቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጠቅልሎ የመጣው ክር ነው። ሜትር ለምን አልተጠቀምክም ካልሽ፣ የእኔ ሜትር ጫፉ ተቆርጦ ከአሥራ ሁለት ነው የሚጀምረው፤ በዚያ ብለካ አንቺም ሒሳብ ልትሠሪ፣ እኔም ልጣላሽ ነው። ክሩ እንዳይለጠጥ ሻማ አሽቼዋለሁ። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ቆማ ያለችበት ነው፤ እስከ ሁለተኛው ቋጠሮ ጎማዋ ተንጠልጥሎ ነው። ሦስተኛው የብሎኑ ርዝመት ነው። አራተኛው ቋጠሮ ስህተት ነው፣ አትይው።

ክሩን ያገኘሁት ከእናትሽ የስፌት ቅርጫት ነው፣ ያውም ሳላስፈቅድ። ሰጎኗ ሥር ተጋድሜ ስለካ በመስኮት ብቅ አለች።

"ምን እየለካህ ነው?"

"እግሯን።"

"ልትገንዛት ነው?"

"ላድናት ነው እንጂ። ጉንዳኗ መድኃኒት ልትልክላት ነው።"

"የኔን ክር መልስ" አለችና መስኮቱን ዘጋች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጅ ያስተማረች ሴት መስኮት እንኳ ስትዘጋ የክፍል በር የዘጋች ያህል ነው፤ ተነሥቼ ልቆም ምንም አልቀረኝ።

ዝላዩ ብቻ ነው ወይ ብለሽኛል። ዝላዩ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? አንዴ አሞርዛተሩ ከተቀየረ እንደ አልጋ ነው የምትሄደው። ለመወጣጫም ቢሆን ጥሩ የእንጨት በርጩማ ሠርቼላት ነበር፤ ሬዲዮዋን አስቀመጠችበት። መጋቢት ሩቅ ነው። አንቺ ብቻ ዕቃውን አፍጥኚው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ለጋሼ፤

ሰላምና ዕድሜ ይስጥልኝ። ክሩ ደረሰኝ። ሦስት ምሳ ሰዓት ሙሉ ክር ይዤ በመደርደሪያዎቹ መሀል ስመላለስ አለቃዬ ልብስ ሰፊ የሆንኩ መስሎት ነበር።

ሳጥኑ ትናንት መርከብ ላይ ተጫነ። ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ውስጡ አራት አሞርዛተር አለ፤ ሁሉንም ደጋግሜ ታግያቸዋለሁ፣ ጎበዞች ናቸው። ስምንት ጎሚኒ አለ። በዘይት ወረቀት የጠቀለልኳቸው ጎባጣ ብሎኖች አሉ፤ አሮጌዎቹ አንዴ ከተፈቱ ተለጥጠዋልና መልሰው እንዳያስሯቸው። ለእርስዎ የእጅ ጓንት፣ ለእማዬ የጉልበት ማሰሪያ አለ። ኪሴ ግን ከዚህ በኋላ ለአንዲት ዳዶም አይበቃም፤ ስለዚህ ባለው ይሠሩ።

ከአሁን ወዲያ መላክ የምችለው ጥያቄ ብቻ ነው። የጉልበቷ ሐኪም ስታወራኝ "በራችን ላይ ያ ነገር ከሆነ ወዲህ አልመጣችም" አለችኝ። ምኑ ነው ስላት "አጎትሽ ይንገሩሽ" አለችኝ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ምን ሆነ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 2

ለጉንዳኗ፣ ዓይን ለጎደላት፤

መልካም ያሰቡልሽ ሁሉ ይሙላልሽ፤ ልኬት ግን አደራ አትያዢ።

ሳጥኑ ሐሙስ ደረሰ። በያጁን ጠርቼ ግቢው መሀል ከፈትነው። አሞርዛተሮቹን እንዳየሁ ደስ አለኝ፤ ቀለማቸው ራሱ ያምራል። በያጁ አንዱን አንሥቶ ጎተተ፣ ተጫነ፣ "ይህ የሰው ጉልበት ነው ያለው" አለ። ሰጎኗን በክሪክ አነሣን፣ አሮጌዎቹን ፈታን፣ የላይኛውን ቀዳዳ ገጠምን። ታችኛው አልደርስ አለ። እኔ ጎተትኩ፣ በያጁ ጎተተ፣ ተራ በተራ ተሳደብን። ስድስት ጣት ያጥራል። አራቱም።

ክር ላኩልሽ። ሻማ አሽቼ ላኩልሽ። ቋጠሮ መቁጠር እንዳቃተሽ ባውቅ አንድ ቋጠሮ ብቻ አድርጌ፣ ደወልም አንጠልጥዬበት እልከው ነበር። በያጁ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ለሰጎን ብለሃት ለዶሮ ነው የላከችው።"

ሌላ ላኪልኝ አልልሽም፣ ኪስሽን ነግረሽኛል። እኔም መላ አላጣሁም። በያጁ ከሻንሲው ላይ ስድስት ጣት የሚወርድ ቅጥያ ብረት ይበይድልኛል፤ አሞርዛተሩ ከቅጥያው ጋር ይታሰራል፣ ሰጎኗም ቁመቷን እንደያዘች ትቀራለች። ብሎኖችሽን ገና ከወረቀታቸው አላወጣኋቸውም፤ መጀመሪያ ቅጥያው ይለቅ።

እናትሽ የጉልበት ማሰሪያውን ወዳዋለች። አድርጋ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ትሄዳለች።

ስለ በሩ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ያን ቀን ሰዉ ብዙ ነበር፣ ፀሐዩም ያቃጥል ነበር። ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አጎትሽ


የካቲት 17

ለጋሼ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰዓት ነው የምመልሰው፣ ስለዚህ አጭር ነው።

ቅጥያውን አያስበይዱ። ረጅም እጅ በሆነ ብረት ጫፍ ላይ የታሰረ አሞርዛተር ሲመታ ብረቱን ይገነጥለዋል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ድፍረት ነው፤ እኔ ያወቅኩት ከእርስዎ ነው። መኪናዋን ወደ አሞርዛተሩ ማውረድ ሲቻል አሞርዛተሩን ወደ መኪናዋ ለምን ይጎትቱታል? ያንን የወፍጮ ብረት ይቀንሱት። ወንዙ ድልድይ አለው።

እርስዎ ያልነገሩኝን እማዬ ነግራኛለች። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ከሰጎኗ መውረድ አቅቷት እርስዎና በያጁ ግራና ቀኝ ይዘው አውርደዋታል። ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ ከቆሙት ውስጥ ያስተማረቻቸው ነበሩበት። እርስዎም ለሐኪሟ ጮክ ብለው "ዕቃው ሳይሰበር ደርሷል፣ ፈርመሽ ተረከቢኝ" አሏት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እማዬም ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ መሀል ላይ ግን ድምፅዋ ተቋረጠ፣ መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ "ሃሎ" "ሃሎ" ስል ቆየሁ።

ጋሼ፣ ዝላዩ አይደለም። ወርዳና ወጥታ በራሷ እግር መሆን ነው የፈለገችው። መጋቢት ደግሞ ደረሰ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 29

ለጉንዳኗ፤

ምርቃቱን ዛሬ መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ሳምንት ሆነው። ዝም ያልኩት አኩርፌ ነው፤ መጀመሪያ በአንቺ፣ ኋላ በራሴ።

በመጀመሪያው ሳምንት ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቅጥያውን አስበየድኩ። በያጁ አንዱን ጎን ሠራ፣ እኔ ገጠምኩ፣ ልሞክራት ባዶዋን ወጣሁ። ሁለት መቶ ሜትር አልሄድኩም፣ ጧ አለ። ወርጄ ሳይ ቅጥያው መሬት ላይ ተጋድሟል። በያጁ እየሮጠ መጣ፣ አነሣው፣ አገላበጠው፤ "እየው፣ ብየዳዬ አልለቀቀም። ከሻንሲው ገንጥሎ ይዞ ነው የመጣው" አለኝ፣ በኩራት። እንዲህ ያለ ጎረቤት ነው የሰጠኝ።

የተገነጠለውን አስደፈንኩና ከሰጎኗ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄ ሥራ ሲፈታ የብሎኖችሽን ወረቀት ፈታሁ። የኋላውን አሮጌ ብሎን አምጥቼ ከአዲሱ ጎን አቆምኩት። አዲሱ ስድስት ጣት ያጥራል። መልሼ ለካሁ፤ ስድስት ጣት። አሞርዛተሩ ስድስት፣ ብሎኑ ስድስት። ጉንዳኗ፣ ሰው መቼም ይሳሳታል። ሁለት የተለያየ ዕቃ ላይ ስድስት ስድስት ጣት አድርጎ የሚሳሳት ሰው ግን አልተወለደም። አጭሩን ብሎን የላክሽው ብረቱ እንደሚቀነስ አውቀሽ ነው። ቋጠሮዎቼን አንድ በአንድ አንብበሽ፣ ከዚያ ሌላ ልኬት ሠርተሽ ነው። ሰው ሁሉ ላይ ሳሾፍ ኖሬ፣ በሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ሸፍጥ ሁለት ወር ግቢዬ ሲቀመጥ አላወቅኩም። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም የዚያን ቀን ነገር መጣብኝ።

እንግዲህ ልጻፈው። ያን ቀን እናትሽን ከሰጎኗ ስናወርዳት ክብደት አልነበራትም። በልጅነቴ እኔን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት፣ ክንዴ ላይ ስትሆን እንደ ባዶ ማዳበሪያ ቀለለችኝ። ደነገጥኩ። እኔ ደግሞ ስደነግጥ እቀልዳለሁ፤ ሌላ ነገር አልተማርኩም። አፌ ከእኔ ቀደመና ያንን አለ። ሰዉ ሲስቅ እሷም ፈገግ አለች፣ ተመልሳም ገባች፣ ማታ ራቷን በላች። በነጋታው "ዝላዩ አልተስማማኝም" አለችኝ። እኔም ዝላዩ ነው ብዬ ያዝኩት፤ ዝላይ በብሎን ይስተካከላላ።

ከዚያ በኋላ ሥራው አራት ቀን ፈጀ። የወፍጮውን ብረት ከስምንት ጣት ወደ ሁለት በያጁ ቆረጠልኝ፤ ሲቆርጠው የገዛ ጥርሴን የሚቆርጠው ያህል አንገሸገሸኝ። ከፊት የጨመርኳቸውን ቅጠሎች አወጣሁ፣ ማንጠልጠያውን አሳጠርኩ፣ ጎሚኒዎቹን በሳሙና እያሸሁ አስገባሁ። አሞርዛተሩ በአንድ ጊዜ ቀዳዳው ላይ ተቀመጠ። ብሎኑም ለኩ ነው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ "ሰጎኗ ምን ሆነች?" ይላል። "ቁጭ ብላ እያሰበች ነው" እላለሁ።

ትናንት ጠዋት በሩ ፊት አቆምኳትና ወደ ውስጥ ገባሁ። እናትሽ ሬዲዮ እየሰማች ነበር።

"እትዬ" አልኳት።

"ምን?"

"ያን ቀን፣ በሩ ላይ። ዕቃ ያልኩሽ።"

ሬዲዮውን አጠፋች። "እሺ?"

"ዕቃ አይደለሽም።"

"ይህን ለማወቅ ሰባት ወር ፈጀብህ? ተማሪዬ ብትሆን ክፍል አስደግምህ ነበር።"

"አስደግሚኝ።"

"ተነሥ አሁን፣ ዱላዬን አቀብለኝ" አለች።

ዱላዋን ይዛ ወጣች። እኔ ከኋላዋ ቀረሁ፤ እጄን የት ላድርገው ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። የሰጎኗን በር ከፈተች። ወንበሩን በእጇ ነካችው፣ አንድ እግሯን አስቀደመች፣ እጀታውን ያዘች፣ ተቀመጠች። ከዚያ ቀሚሷን አስተካከለችና በሩን ራሷ ዘጋችው። በያጁ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር። መንገዱን ሁሉ ድንጋዩ ከሥራችን እንዳለ ጎማው ነገረን እንጂ ወንበሩ አልነገረንም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ወረደች። ብቻዋን። ዘበኛው እጁን ዘረጋላት፤ ሰላም አለችውና አለፈች።

ሐኪሟ ጉልበቷን አጥፋ ዘረጋችው። "ሦስት ቀን ቀርቶሽ ነው የመጣሽው" አለቻት። ይድናል፣ ግን ካሁን በኋላ በሳምንት ሦስቴ ነው፣ ደግሞም ያማል። እናትሽ "ማመሙን ተዪው" አለች።

አሁን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ልትሸውጂኝ ከተነሣሽ ለምን ስምንቱንም አላወረድሽውም? የሁለት ጣት ቦታ ተውሽልኝ፤ ብሎኑም አሞርዛተሩም በዚያ ልክ ነው። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ልኬት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

ምርቃቱ ይኸውልሽ፦ ልጅ ውለጂ፣ እሱም ልክ አንቺ እንዳደረግሽኝ ያድርግሽ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 14

ለጋሼ፤

እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ ጉልበቷንም ለእኛ አቆየልን። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ከጎማ ክምሩ ላይ ሳይሆን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄጄ ነው፣ እዚያ ፊት ቢረጥብ ማንም አይጠይቅም።

ሸውጃለሁ፣ ይቅርታ አልጠይቅም። ብቻዬን ግን አልነበርኩም። እርስዎ ክሩን በላኩ ሰሞን እማዬ ደወለችልኝ። እርስዎ ምሳ በልተው ጋደም ባሉበት ወጥታ ወንበሩ ዱላዋ ላይ የት ጋ እንደሚደርስ ለክታለች፤ እግሯ ችሎ የሚያነሣትንም ከፍታ ከአልጋዋ ጋር አስተያይታ አግኝታዋለች። ልኬቱን የሰጠችኝ እሷ ናት።

እኔ ስምንቱንም ላወርደው ነበር። ለዚያ የሚሆን አሞርዛተር መደርደሪያው ሞልቶታል፤ የሁለት ጣቱን ለማግኘት ነው ሦስት ምሳ ሰዓት የፈጀብኝ። ስምንቱም ይውረድ ብዬ ለመንኳት፣ "አይሆንም፣ ሁለት ጣት ተዪ" አለችኝ። ለምን ስላት "እሱ የኔ ጉዳይ ነው" ብላ ዘጋችብኝ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። ይጠይቋት።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 1

ለጉንዳኗ፤

በገባሽበት ይቅናሽ፣ በወጣሽበት ይከተልሽ። ጠየቅኳት።

ትናንት ከሐኪሟ ስንመለስ ነው። አሁን በቀጥታ ወደ ቤት መመለስ ቀርቷል፤ መጀመሪያ አብራት ያስተማረች ጓደኛዋ ጋ፣ ከዚያ ክር ሱቅ፣ ከዚያ ደግሞ ምንም ሳንገዛ የምንቆምበት አንድ ሱቅ አለ፣ ወሬው ጥሩ ስለሆነ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ።

"እትዬ፣ ያቺ ሁለት ጣት ለምን ቀረች?" አልኳት።

ወንዙን ነበር የምታየው። "ነገረችህ?"

"ልኬቱን ነገረችኝ፣ ምክንያቱን አታውቅም።"

"ስድስቱ ለጉልበቴ ይበቃል" አለች።

"ሁለቱስ?"

"ያንተ ነው።"

"ምን ላደርግበት?"

"ትኮራበታለህ። ውሃው ሞልቶ ሰው ሁሉ ዳር ሲቀር፣ ምጥ የያዛትን ሴት በዚህ መኪና አሻግረሃል። እኔ ከማዶ ቆሜ አይቼሃለሁ። ከሌላው መኪና እኩል ባደርግህ እኔ ነኝ የማዝነው።"

ቀልድ ፈለግኩ፣ የለም። እስከ ቤት ጉድጓዱን እየሸሸሁ ነዳሁ። "ምነው፣ ታመምክ?" አለችኝ።

ከዚህ በላይ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ጊዜ አልሰጡኝም። ዛሬ ቀጠሮዋ አይደለም፣ ለጠዋት የያዝነውም ጉዳይ የለም፤ ሰጎኗ ግን ደጅ ክላክስ እያሰማች ነው። እናትሽን ማንም ደግፎ አላወጣትም። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስጽፍልሽ ሄዳ ገብታለች።

አጎትሽ